የብስክሌት ዲስክ ፍሬን ሸራ

የብስክሌት ዲስክ ፍሬን ሸራ በብስክሌት ጎማ እምብርት ላይ የታሰረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ ጨምቆ የጎማውን ሽክርክሪት የሚያቀዘቅዝ፣ በቀጭን ብረት ላይ የተለጠፈ የሰበቃ ቁስ ነው። ለአንድ ፍሬን ሁለት፣ ለአንድ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ አራት ሸራዎች ያስፈልጋሉ። ሸራ በአገልግሎት ብዛት እየሳሳ የሚያልቅ በመሆኑ በየጊዜው ይቀየራል።

አዲስ ሸራ እንደተገጠመ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ገጽታው ከዲስኩ ገጽታ ጋር እስኪገጣጠም ድረስ በተደጋጋሚና በጥንቃቄ ፍሬን በመያዝ እንዲላመድ ይደረጋል። ይህ ሥራ በዚህ ጽሑፍ ማላመድ ተብሏል። ያልተላመደ ሸራ በሜዳ ላይ ጉድለቱ ላይታወቅ ይችላል፤ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት መንገድ ላይ ግን ብስክሌቱን ለማቆም ሊያቅተው ይችላል።

ክፍሎች

የዲስክ ፍሬን አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነሱም በመሪው ላይ ያለው የፍሬን እጀታ፣ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ካቦ ወይም የዘይት ቱቦ፣ በፊት ሹካውና በኋላ በኩል በሻሲው ላይ የሚታሰረው ካሊፐር፣ እንዲሁም ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከረው ዲስክ ናቸው። ሸራዎቹ የሚቀመጡት በካሊፐሩ ውስጥ ነው።

በዘይት የሚሠራው ፍሬን እጀታው ሲጨመቅ ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ተገፍቶ የካሊፐሩን ፒስተኖች ከሁለቱም ጎን ወደ ዲስኩ ይገፋል። ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስተኖቹ ራሳቸው ትንሽ ወደፊት ስለሚቀርቡ ክፍተቱን በእጅ ማስተካከል አያስፈልግም። በካቦ የሚሠራው ፍሬን ግን ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ጎን ያለው ሸራ ብቻ ነው። ይህ ሸራ ዲስኩን ገፍቶ በሌላው ጎን ከቆመው ሸራ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ሸራው ሲሳሳ ካቦውን መወጠርና የቆመውን ሸራ ማስጠጋት የባለቤቱ ሥራ ነው። በርካሽ የሚሸጡ የተራራ ብስክሌቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ዓይነቱ ነው።

አሠራር

ፍሬን የብስክሌቱን የእንቅስቃሴ ጉልበት በሰበቃ አማካኝነት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ብስክሌቱና ነጂው በአንድነት 80 ኪሎግራም ቢመዝኑና በሰዓት 25 ኪሎሜትር ቢጓዙ የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው ወደ 1,900 ጁል ይሆናል። ይህ ጉልበት በሙሉ 120 ግራም በሚመዝን አንድ የብረት ዲስክ ውስጥ ቢቀር የዲስኩ ሙቀት በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል። ዲስኩ ሙቀቱን ለአየር እየሰጠ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ጊዜ መቆም አያስቸግረውም።

ቁልቁለት ግን የተለየ ነው። ይኸው 80 ኪሎግራም በከፍታ 900 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 705,000 ጁል ይደርሳል። ይህም በሜዳ ላይ ከ25 ኪሎሜትር ፍጥነት ከ360 ጊዜ በላይ ከመቆም ጋር እኩል ነው። በሌላ አነጋገር 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን የአየር ግፊት ሲወስደው ቀሪው በሁለቱ ፍሬኖች በኩል ማለፍ አለበት።

በሸራና በዲስክ መካከል ሁለት ዓይነት ሰበቃ ይታያል። የመጀመሪያው የመፋቅ ሰበቃ ሲሆን የሸራው ሻካራ ቅንጣቶች የዲስኩን ብረት በመቧጠጥ የሚፈጥሩት ነው። ሁለተኛው የመጣበቅ ሰበቃ ይባላል። ሸራው ሲሞቅ ከራሱ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ንብርብር ለዲስኩ ያካፍላል፤ ከዚያ በኋላ ሸራው የሚሰበቀው ከባዶው ብረት ጋር ሳይሆን በዲስኩ ላይ ከተረፈው የራሱ ቁስ ጋር ነው። ኃይለኛና የማይዋዥቅ ፍሬን የሚገኘው ይህ ንብርብር በዲስኩ ዙሪያ በእኩል ውፍረት ሲለብስ ነው። የማላመድ ዓላማም ይህንን ንብርብር መፍጠርና የሸራውን ገጽታ ከዲስኩ ጋር ማስተካከል ነው።

የሸራ ዓይነቶች

ሸራዎች በተሠሩበት ቁስ በሦስት ይከፈላሉ።

ኦርጋኒክ ወይም ሬዚን ሸራ፦ ቃጫና ሌሎች ቅንጣቶች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ሲሆን በቅዝቃዜም ወዲያው ይይዛል፤ ለመላመድም አይዘገይም። ነገር ግን በጭቃና በአሸዋ ቶሎ ያልቃል፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሜታሊክ ወይም ሲንተርድ ሸራ፦ የብረታ ብረት ዱቄት በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጋግሮ የሚሠራ ነው። ሙቀትን፣ አሸዋንና እርጥበትን ይቋቋማል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። በአንጻሩ ድምፁ ይጎላል፤ ለመላመድ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ዲስኩንም ይበልጥ ይበላል።

ከፊል ሜታሊክ ሸራ፦ በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን በሙጫ ውስጥ የብረት ቅንጣት የተጨመረበት ነው።

አንዳንድ ርካሽ ዲስኮች ለሬዚን ሸራ ብቻ የተሠሩ መሆናቸው በላያቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። በእነዚህ ላይ ሜታሊክ ሸራ ከተገጠመ ዲስኩ በፍጥነት ተበልቶ ይሳሳል። እንዲሁም የሸራ ቅርጽ ከካሊፐር ካሊፐር ስለሚለያይ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ማመሳከር የተለመደ ነው።

የሚቀየርበት ጊዜ

የአዲስ ሸራ ውፍረት ከጀርባ ብረቱ ጋር ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሺማኖ ኩባንያ መመሪያ የሰበቃው ቁስ 0.5 ሚሊሜትር ሲቀረው፣ የስራም መመሪያ ደግሞ ቁሱና የጀርባው ብረት በአንድነት ከ3 ሚሊሜትር ሲያንሱ ሸራው እንዲቀየር ያዛሉ። ዲስክም ያልቃል፤ የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ 1.5 ሚሊሜትር ሲደርስ ይጣላል።

ቁሱ ሙሉ በሙሉ አልቆ ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚፋጭ ድምፅ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ፍሬኑ ከመድከሙ በላይ ዲስኩም ይቦረቦራል። በዘይት ፍሬን ላይ ፒስተኑ ከሚገባው በላይ ወጥቶ ዘይት ሊያፈስም ይችላል።

አገጣጠም

ሸራ መቀየር ልዩ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አልኮልና የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መግፊያ ይበቃሉ።

1. ብስክሌቱ በማይንቀሳቀስበት ሁኔታ ይቆማል፤ ጎማውም ይወጣል። ጎማው ከወጣ በኋላ የዘይት ፍሬን እጀታ አይነካም፤ ከተጨመቀ ፒስተኖቹ ያለ ዲስክ ወጥተው ይጣበቃሉ።

2. ሸራዎቹን የያዘው ቡሎን ወይም ኮፒሊያ ይፈታል። ሸራዎቹ በመካከላቸው ካለው የሞላ ብረት ጋር አብረው ይወጣሉ። አንዳንድ የካቦ ካሊፐሮች ሸራውን የሚይዙት በማግኔት ስለሆነ በጣት ተስቦ ይወጣል።

3. የካሊፐሩ ውስጠኛ ክፍል በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። አቧራውን በአፍ እፍ ማለት ወይም በኮምፕሬሰር መንፋት ተገቢ አይደለም፤ የሸራ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው።

4. ፒስተኖቹ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መግፊያ ቀስ ተብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ካቻቢቴ ፒስተኑን ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይመከርም። የዘይቱ ጋን ከልክ በላይ ተሞልቶ ከሆነ ፒስተኑ ሲገፋ ዘይቱ ሊፈስ ስለሚችል ጨርቅ ይደረግበታል። በካቦ ፍሬን ላይ ካቦው ይላላል፤ የቆመው ሸራ ማስተካከያም ወደ ኋላ ይመለሳል።

5. አዲሶቹ ሸራዎች ከሞላው ጋር ይገባሉ። የሰበቃው ገጽ ወደ ዲስኩ መዞሩ፣ የሞላው ክንፎችም በሸራውና በዲስኩ መካከል አለመግባታቸው ይታያል። የሸራው ፊት በጣት አይነካም።

6. ቡሎኑ ወይም ኮፒሊያው ይመለሳል። የቡሎኑ መጠበቂያ ቅንጭብ ካለም ሳይረሳ ይደረጋል።

7. ዲስኩ በአልኮል ተጠርጎ ጎማው ይገጠማል። የዘይት ፍሬን ከሆነ እጀታው ጠንካራ ሆኖ እስኪሰማ ድረስ ደጋግሞ ይጨመቃል።

8. ጎማው ሲሽከረከር ዲስኩ ሸራውን የሚነካ ከሆነ የካሊፐሩ ሁለት ቡሎኖች ይላላሉ፤ እጀታው ተጨምቆ እንደተያዘ ቡሎኖቹ ተራ በተራ ይጠብቃሉ። የተለመደው የማጥበቂያ መጠን ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው።

የሚሽከረከር ዲስክ ቀዳዳዎች ጣት ሊቆርጡ ስለሚችሉ ማስተካከያው ሁሉ የሚደረገው ጎማው ቆሞ ነው።

ማላመድ

ማላመድ ባዶና ሜዳማ በሆነ፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ ይከናወናል። ነጂው በመካከለኛ ፍጥነት፣ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ገደማ ይነዳና አንዱን ፍሬን ጠበቅ አድርጎ በመያዝ ፍጥነቱን ወደ እግረኛ እርምጃ ያወርዳል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ፍሬኑን ለቆ እንደገና ይነዳል። ይህ 20 ጊዜ ያህል ይደገማል። ከዚያ ፍጥነቱ ከፍ ተደርጎ ሌላ 10 ጊዜ ያህል ይሠራል። የፊቱና የኋላው ፍሬን ለየብቻ ይላመዳሉ። በመጨረሻም ብስክሌቱ ፍሬን ሳይያዝ ጥቂት ተነድቶ ዲስኮቹ እንዲቀዘቅዙ ይደረጋል።

በሥራው ሂደት ፍሬኑ እየጠነከረ መምጣቱ በእጅ ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ እጀታው ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ በኋላ ግን በትንሽ ጭመቃ ይይዛል። በዲስኩ ላይም ወጥ የሆነ ደብዘዝ ያለ ቀለበት ይታያል።

የደንቦቹ ምክንያት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው።

ጎማው እንዲቆም የማይደረገው ትኩስ ሸራ በአንድ ቦታ ዲስኩን ጨምቆ ሲቆም ከቁሱ ብዙውን በዚያው ስለሚተው ነው። ንብርብሩ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ስስ ከሆነ ፍሬኑ በእያንዳንዱ ዙር ይንቀጠቀጣል።

ለረጅም ጊዜ በቀስታ ነካ አድርጎ መያዝም አይጠቅምም። ሸራው ንብርብር ሳያካፍል ይሞቃል፤ ሙጫው ወደ ገጽታው ወጥቶ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። እንዲህ ዓይነቱ ሸራ የሚይዝ ቢመስልም ይንሸራተታል።

በየመሐሉ ጥቂት መንዳት የሚያስፈልገው ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ ነው። እያንዳንዱ መያዝ ሙቀቱን በአሥሮች ዲግሪ ስለሚጨምር ያለ እረፍት ከተደጋገመ ሸራው ከመላመዱ በፊት ይቃጠላል።

አሮጌ ዲስክ ላይ የተለየ ዓይነት ሸራ ሲገጠም የቀድሞው ንብርብር በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በትንሹ ተፍቆ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ማላመዱ ይጀመራል።

ብክለት

የዲስክ ፍሬን ዋነኛ ጠላት ዘይት ነው። የሰበቃው ቁስ ቀዳዳዎች ያሉት በመሆኑ አንድ ጠብታ እንኳ ከጠጣ መልሶ ማውጣት ያስቸግራል። ምልክቱ ከፍተኛ የጩኸት ድምፅና የደከመ ፍሬን ነው።

የብክለት ምንጮች ብዙ ጊዜ ከጥገናው ራሱ ይመጣሉ። ካቴና ላይ የሚረጭ ዘይት፣ የጣት ቅባትና ከካሊፐር የሚያፈስ ዘይት ተጠቃሾች ናቸው። በጋራዥ ካቴና ማጠቢያ የሆኑት ነጭ ጋዝና ናፍጣ ቅባት ትተው ስለሚደርቁ ወደ ዲስኩ መረጨት የለባቸውም፤ ዲስኩንም በእነሱ ማጽዳት ስህተት ነው። ለማጽጃ የሚመረጠው ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ንጹሕ አልኮል ነው። ለእጅ ተብሎ ግሊሰሪን የተቀላቀለበት ሳኒታይዘር ግን ራሱ ቅባት ስላለው አያገለግልም።

በጥቂቱ የተበከለ ወይም መስተዋት የመሰለ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ተፍቆ፣ በአልኮል ተጠርጎና እንደገና ተላምዶ ሊመለስ ይችላል። በዘይት የራሰ ሸራ ግን ይጣላል። በእሳት ማቃጠል አንዳንዶች የሚሞክሩት ዘዴ ቢሆንም ቁሱን ከጀርባ ብረቱ ሊያላቅቀው ስለሚችል አደገኛ ነው።

የፍሬን ዘይት ዓይነትም መለየት አለበት። ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ የሚጠቀሙት ሚኒራል ዘይት ነው፤ ሌሎች፣ ለምሳሌ ሆፕና ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች፣ በመኪናም ላይ የሚሠራውን ዶት የተባለ ዘይት ይጠቀማሉ። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዛ ዶት ዘይት በሚኒራል ፍሬን ውስጥ ከተጨመረ የጎማ ማሸጊያዎቹ አብጠው ፍሬኑ ከጥቅም ውጪ ይሆናል።

በድሬዳዋና በመልካ ጀብዱ

ድሬዳዋ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሁሉ ሜዳማ በመሆኗ ለብስክሌት የምትመች ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ በሜዳው ላይ የምትገኘው መልካ ጀብዱ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኝባት አካባቢ ናት። በእነዚህ ሜዳዎች የሚነዳ ሰው ፍሬኑን የሚይዘው አልፎ አልፎና በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሆነ ሸራው ለረጅም ጊዜ ሊያገለግለው ይችላል። በዚያው ልክ ግን ያልተላመደ፣ ዘይት የነካው ወይም የተሳሳ ሸራ ጉድለቱን ሳያሳይ ይቆያል።

ጉድለቱ የሚገለጠው ወደ ተራራው ሲኬድ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደንገጎ ይወጣል። ዳገቱን ለመውጣት ፍሬን ስለማያስፈልግ ነጂው ስለ ሸራው ሁኔታ የሚያውቀው በመልሱ ነው። በዚያን ጊዜ ከላይ የተሰላው ሙቀት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ለአዲስ ሸራ የሚመረጠው ቅደም ተከተል በሜዳው፣ ከባድ መኪና ከሚበዛበት ዋና መንገድ ውጪ አላምዶ፣ ለጥቂት ቀናት ተጠቅሞ፣ ከዚያ ወደ ቁልቁለት መውጣት ነው።

በቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ነካ ተደርጎ አይያዝም። ከመታጠፊያ በፊት ጠበቅ ተደርጎ ተይዞ ይለቀቃል፤ ሁለቱ ፍሬኖችም ሥራውን ይካፈላሉ። እጀታው እየላላ ከመጣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከተሰማ ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በትኩስ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል።

የድሬዳዋ የአየር ሙቀት በራሱ ለፍሬን ትልቅ ጫና አይደለም። በረጅም ቁልቁለት የዲስክ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል የአየሩ 35 ዲግሪ መሆን የሚያመጣው ልዩነት አነስተኛ ነው። ይበልጥ የሚጎዳው አሸዋ ነው። በበጋ ደርቆ አሸዋ የሚሆነው የደቻቱ ወንዝና ነፋስ የሚያነሳው የሜዳው አቧራ በሸራና በዲስክ መካከል እየገቡ ሁለቱንም ይፍቃሉ። የክረምት ጎርፍ የሚያመጣው ጭቃም እንዲሁ ነው። በአሸዋማ መንገድ ለሚነዳ ሰው ሜታሊክ ሸራ ይመረጣል፤ ዲስኩ የሚፈቅደው ሬዚን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሸራውን ቶሎ ቶሎ ማየትና ዲስኩን መጥረግ ያሻል።

ታሪክ

በመኪና ላይ ከዋሉ የመጀመሪያ የዲስክ ፍሬኖች አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው። ይህ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ደርሶ ድሬዳዋ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው። የላንቸስተር ሸራ ከመዳብ የተሠራ ስለነበር ሲያዝ እጅግ ይጮህ ነበር። ፍሬኑ በሰፊው የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1953 የለ ማንን ውድድር ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ነበር። ለብዙ ዓመታት በሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይጨመር ነበር፤ ብናኙ ካንሰርና ሌላ የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ ከታወቀ በኋላ በብዙ አገሮች ተከልክሏል።

በብስክሌት ላይ የዲስክ ፍሬን በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተራራ ብስክሌቶች አማካኝነት ነው። በጎዳና ውድድር ግን ዘግይቷል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ሙከራ ቢጀምርም በ2016 ከፓሪስ–ሩቤ ውድድር በኋላ አንድ ተወዳዳሪ በዲስክ መቁሰሉን በመግለጹ ሙከራውን አቋረጠ። በዚያው ዓመት ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ውድድሩ የተካሄደው ቸርኬን በሚይዝ ፍሬን ነበር። ሙከራው በ2017 ቀጥሎ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ የዲስክ ፍሬን በጎዳና ውድድር ሙሉ በሙሉ ተፈቀደ።